የጭን አጥንት ስብራት፦ ወጣት ወንዶችና አረጋውያን ሴቶች ላይ ለምን ይበዛል?

ተረኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የአጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። የጭን አጥንት ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ጠንካራው እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ታዲያ ይህን የሚያህል አጥንት ተሰብሮባቸው የሚተኙትን ሰዎች ስመለከት በዕድሜም በጾታም የተደባለቁ አይደሉም። አንዱ ወገን ወጣት ወንዶች ናቸው፤ መኪና የገጫቸው፣ ከሞተር ሳይክል የወደቁ፣ ከፎቅ የወደቁ። ሌላው ወገን ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ናቸው፤ ከአልጋ ሲነሱ ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው የወደቁ። በመካከል ያለው ዕድሜ ሳሳ ይላል። የሚሰበርበትም ቦታ ይለያያል፤ የወጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ መሃል አጥንቱ ላይ ነው፣ የእናቶቹ ደግሞ ላይኛው ጫፍ፣ ከዳሌ መገጣጠሚያው ሥር።

ይህ የእኛ ክፍል ጠባይ ነው ወይስ የትም እንዲሁ ነው? ለምንስ ሆነ? «የሴት አጥንት ደካማ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ አልዋጥልኝ ብሏል። ደካማ ከሆነ ወጣቶቹ ሴቶች የት አሉ?

የአጥንት_ሐኪም

ሲስተር፣ ያስተዋልሽው ነገር የአንድ ክፍል ጠባይ አይደለም። የጭን አጥንት ስብራትን በዕድሜ ደርድሮ በግራፍ ያስቀመጠ ሰው ሁለት ጉብታ ያገኛል። የመጀመሪያው ከ15 እስከ 25 ዓመት አካባቢ ይወጣል፤ ወንዶች በእጅጉ ይበዙበታል። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዝቅ ብሎ ይጓዛል። ከ60 በኋላ እንደገና ቀና ይልና ከ75 በኋላ ሽቅብ ይወጣል፤ እዚህ ላይ ሴቶች ይበዛሉ።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። አጥንት የሚሰበረው ያረፈበት ኃይል ከጥንካሬው ሲበልጥ ነው። ወጣቱ ላይ የአጥንቱ ጥንካሬ ሙሉ ነው፤ ከመጠን ያለፈው ኃይሉ ነው። አረጋዊቷ ላይ ግን ኃይሉ ከቆሙበት መውደቅ ብቻ ነው፤ የቀነሰው ጥንካሬው ነው። ስለዚህ አንድ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማነጻጽረው እነዚህን ሁለቱን ነው። የደረሰበት ነገር ይህን አጥንት በዚህ ዕድሜ ለመስበር ይበቃል? ከበቃ፣ «ሌላ ምን ተጎድቷል?» ብዬ እፈልጋለሁ። ካልበቃ፣ «አጥንቱን ምን አደከመው?» ብዬ እፈልጋለሁ። የዕድሜና የጾታው ሥርጭት ለእኔ ዋና ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከሥርጭቱ ውጪ የሆነ ሰው ሲመጣ ቆም ብዬ እንድጠይቅ ያደርገኛል።

ቦታውን በተመለከተ፣ መሃሉ ወፍራም ግድግዳ ያለው ጥቅጥቅ አጥንት ነው። እሱን ለመስበር ብዙ ኃይል ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው የመኪናና የሞተር አደጋ የሚሰብረው። የላይኛው ጫፍ ግን፣ አንገቱና ከአንገቱ ሥር ያለው ክፍል፣ በስስ ቅርፊት የተሸፈነ ስፖንጅ መሰል አጥንት ይበዛበታል። ስፖንጅ መሰሉ አጥንት በዕድሜና በሆርሞን ለውጥ ቀድሞ የሚሳሳው ክፍል ነው።

ወጣቶቹ ላይ ሥራችሁን የሚያከብደውም ይኸው ኃይል ነው። ቆዳው ሳይቀደድ እንኳ መሃል የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው እዚያው ጭኑ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ደም ሊያፈስ ይችላል። ደረቱና ሆዱ መታየት አለባቸው። የጉልበቱ ጅማቶችም እንዲሁ። በተለይ ደግሞ የዚያው እግር የጭን አጥንት አንገት መታየት አለበት፤ መሃሉ የተሰበረ ሰው አንገቱም አብሮ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ዓይን ትልቁ ስብራት ላይ ስለሚያርፍ ትንሿ ስንጥቅ ታመልጣለች። እንዲህ ያመለጠች ስንጥቅ በኋላ ብዙ ዋጋ ታስከፍላለች።

ራጅ_ክፍል

ዶክተር ስለ አንገቱ ያሉት ላይ ልጨምር። ራጅ ሲነሳ እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ ከቀረ አንገቱ አጥሮ ይታያል፤ ስንጥቁም ይደበቃል። ስብራት ያልተረጋገጠባቸው ሰዎች ላይ ሕመሙ ከፈቀደ እግሩን 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ አዙሮ ማንሳት ነው ትክክሉ። መሃሉ በተሰበረ ሰው ላይ ግን ማዞር ስለማይቻል በአብዛኛው ሲቲ ስካን ነው የሚያሳየው፤ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላም አንገቱን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

አረጋውያኑ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ወድቀው መቆም ያቃታቸው እናት ራጃቸው «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤት ሲላኩ አያለሁ። ብሽሽታቸውን እያመማቸው እግራቸውን ማንሳት ካልቻሉ፣ ራጁ ስብራት አላሳየም ማለት ስብራት የለም ማለት አይደለም። ያልተለያየ የአንገት ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ያሳየዋል፤ እሱ ከሌለ ሲቲ። ሳይታወቅ በእግራቸው ሲረግጡበት ቦታውን ይለቃል፤ በትንሽ ብሎን ሊያዝ ይችል የነበረው ነገር መገጣጠሚያ መቀየር ድረስ ይደርሳል።

የታችኛው ጫፍ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ ያለውም እንዳይረሳ። ከጭን አጥንት ስብራቶች ሁሉ ጥቂቱ ነው፤ ግን እሱም ሁለት ጉብታ አለው፤ ወጣት ወንዶችና አረጋውያን ሴቶች።

እውነቱ_ይነገር

ክብር ለሁላችሁ፤ ግን ነገሩን አታወሳስቡት። ከአረጋውያኑ ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶች ከሆኑ የሴት አጥንት ደካማ ነው ማለት ነው። ሌላ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

የሆርሞን_ሐኪም

ወንድሜ፣ ማብራሪያ የሚያስፈልገው እንደዚያ ስንል የምንስተው ነገር ስላለ ነው።

የሰው አጥንት እስከ 20ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ድረስ ክብደት እያከማቸ ይሄዳል። በዚያ ዕድሜ ያለች ጤነኛ ሴት አጥንት ሥራውን በሚገባ የሚችል ጠንካራ አጥንት ነው። የወንዱ በአማካይ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይወፍራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲጀምሩ እኩል መጠባበቂያ የላቸውም። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ግን ከ50 ዓመት ግድም በኋላ ነው። ሰውነታችን አሮጌ አጥንት እያፈረሰ አዲስ ይሠራል፤ ኤስትሮጅን የማፍረሱን ሥራ ልጓም ይዞ ነው የሚያቆየው። ሴቷ ስታርጥ ልጓሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይለቀቃል። በእነዚያ ዓመታት የስፖንጅ መሰሉ አጥንት በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይበርዳል እንጂ አይቆምም። ወንዱ ላይ እንዲህ ያለ ድንገተኛ መውረድ የለም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ላይ አጥንቱ ከውስጥ ሲሳሳ ከውጭ በኩል ትንሽ እየጨመረ ስለሚሰፋ ከፊሉን ያካክሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 የአጥንት መሳሳትን በቁጥር ሲወስን የተነሳው ከወጣት ጤነኛ ሴቶች አማካይ ነው። የአጥንት ጥግግት ከዚያ አማካይ በ2.5 መደበኛ ልይይት (የሰዎች ልኬት በተለምዶ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን) ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። ዳሌ ላይ የሚለካው ጥግግት በአንድ መደበኛ ልይይት በወረደ ቁጥር ላይኛው የጭን አጥንት የመሰበር ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

በዚህ ላይ ሴቶች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ስብራቱ የሚበዛበት ዕድሜ ላይ ስትደርሱ በሕይወት ያሉት ራሳቸው በብዛት ሴቶች ናቸው። እነዚህን ሁሉ ስትደምሩ ነው ከ4 የላይኛው ጫፍ ስብራት 3 ያህሉ የሴት የሚሆነው። «የሴት አጥንት ደካማ ነው» ብለን ካለፍነው ግን አራተኛውን፣ ወንዱን፣ እንረሳዋለን። እሱን ማንም አይጠብቀውም። ከስብራቱ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ደግሞ ከሴቷ የከፋ ነው።

ተረኛዋ

ዶክተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ያ የመጨረሻው ነጥብ አስደነገጠኝ። ወንዶቹ ለምን የበለጠ ይሞታሉ?

የሆርሞን_ሐኪም

ሲስተር፣ ወንድ ልጅ አጥንቱ ይህን ያህል እስኪሳሳ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በሽታ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ የሳንባ፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ ለዓመታት የተወሰደ ስቴሮይድ፣ ብዙ አልኮል፣ የቴስቶስትሮን ማነስ። ስብራቱ በእነዚህ ላይ ነው የሚደረበው። በአጠቃላይ ላይኛው ጫፍ ከተሰበረባቸው አረጋውያን መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ የወንዶቹ ከአማካዩ ከፍ ይላል።

ፊዚዮ

አጥንቱን ብቻ እያየን መውደቁን እንዳንረሳው። ከላይኛው ጫፍ ስብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በመውደቅ ነው የሚመጣው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከ3ቱ 1ዱ ያህል ይወድቃል፤ ከውድቀቶቹ ውስጥ ግን የጭን አጥንት የሚሰብሩት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። ታዲያ የትኛው ነው የሚሰብረው? ወደ ጎን ወድቆ ዳሌን በቀጥታ መሬት ላይ የሚያሳርፈው።

የ55 ዓመት ሴት ስትራመድ ፈጠን ትላለች፤ ስትደናቀፍ ወደፊት ትወድቃለች፤ እጇን ትዘረጋለች። ስለዚህ አንጓዋ ይሰበራል። የ80 ዓመቷ እናት እርምጃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሲንገዳገዱ ወደ ጎን ወይም ባሉበት ነው የሚወድቁት፤ እጃቸውን ለመዘርጋትም ጊዜ አይኖራቸውም፤ የዳሌ ጡንቻቸውም ስለሳሳ ምቱን የሚቀበል ሥጋ የለም። የእጅ አንጓ ስብራት ሴቶች ላይ ካረጡ በኋላ ከፍ ብሎ ረገብ ሲል የላይኛው ጭን ስብራት ግን ከዕድሜ ጋር መውጣቱን የማያቆመው ከዚህም የተነሳ ነው። አጥንቱ ብቻ ሳይሆን አወዳደቁም ይለወጣል።

ለዚህ ነው መድኃኒት ብቻ የማይበቃው። የእግር ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ፣ የዓይን ምርመራ፣ ሌሊት የሚያደነዝዙ የእንቅልፍ መድኃኒቶችን መቀነስ፣ ሲነሱ ግፊታቸው የሚወርድባቸውን መለየት፣ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ማድረግ። እነዚህ ቀላል ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ከባድ ነው።

የሕፃናት_ሐኪም

ስለ ሁለት ጉብታ ስትነጋገሩ ልጆቹን ዘለላችኋቸው። እነሱም የራሳቸው ሁለት ጉብታ አላቸው! አንዱ 2 እና 3 ዓመት ላይ ነው፤ ሌላው ጉርምስና ላይ። በሁለቱም ወንዶች ይበዛሉ፤ በአጠቃላይ ከሴቶቹ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናሉ።

የትንንሾቹ ምክንያት የአጥንቱ ሁኔታ ነው። የሕፃን የጭን አጥንት ገና ቀጭንና ያልጠነከረ ነው፤ የሚሮጥ የ2 ዓመት ልጅ እግሩ ተጠምዝዞ ሲወድቅ ብቻ እንኳ ጠመዝማዛ ስብራት ሊመጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ አጥንቱ እየወፈረ ስለሚሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። በጉርምስና የሚመለሰው ኃይሉ ስለሚጨምር ነው፤ መኪና፣ ብስክሌት፣ ስፖርት። ይኸኛው ጉብታ ዶክተር የጠቀሱት የወጣቶቹ ጉብታ መጀመሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ሕክምናውም ዕድሜን ይከተላል። ከ6 ወር በታች ላሉት ለስላሳ የማሰሪያ ቀበቶ ይበቃል። ከዚያ እስከ 5 ዓመት ገደማ ከወገብ ጀምሮ የሚታሰር ጄሶ። ከ5 እስከ 11 ዓመት የሚተጣጠፉ ቀጫጭን ዘንጎች። ከዚያ በላይ ላሉት ጠንካራ ዘንግ ይገባል፤ ግን ዳሌ ውስጥ የሚገባውን የጭን አጥንቱን ኳስ መሰል ጫፍ የሚመግቡትን የደም ሥሮች እንዳይጎዳ የሚገባበት ቦታ ይመረጣል። ከ2 እስከ 10 ዓመት ያሉት ላይ የተሰበረው እግር ሲድን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሌላው ሊረዝም እንደሚችል ለወላጆች ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ያሠጋቸዋል።

መራመድ ያልጀመረ ሕፃን የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ሲመጣ ግን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። ራሱን የሚጥል ልጅ አይደለም። ኃይሉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የግድ መጠየቅ አለበት።

የልጅ_እናት

ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። የእኔ ልጅ 2 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሲሮጥ ተደናቅፎ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ስንሄድ እኔንና አባቱን ለየብቻ አስቀምጠው ጠየቁን። እንዴት ወደቀ፣ ማን ነበር፣ ስንት ሰዓት ላይ ነበር፣ ለምን ቶሎ አላመጣችሁም። የልጁን ሌሎች አጥንቶች ሁሉ ራጅ አነሱ። ልጄ እያለቀሰ እኔ እንደ ወንጀለኛ ስመረመር የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ልጄ አሁን ደህና ነው፤ ይሮጣል። ግን ለምን?

የሕፃናት_ሐኪም

እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ ዳነ። ያለፍሽበት ነገር ከባድ ነው፤ የሚጠይቁሽ ሰዎች ቢያስረዱሽ ኖሮ ሸክሙ በቀለለ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የአጥንት ሕክምና መመሪያዎች ከ36 ወር በታች ሆኖ መሃል የጭን አጥንቱ የተሰበረ ልጅ ሁሉ ሰው ሆን ብሎ ጉዳት አድርሶበት እንደሆነ ይጣራ ይላሉ። ሁሉም፤ የሀብታሙም የድሃውም፣ የምናውቀውም የማናውቀውም። ፊት አይተን ከመረጥን የምንስታቸው ልጆች ይኖራሉ፤ ጉዳት ወደሚደርስበት ቤት የተመለሰ ሕፃን ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ በሕይወት ላይመጣ ይችላል። ለየብቻ የጠየቋችሁ የሁለታችሁ ታሪክ ይገጥም እንደሆነ ለማየት ነው፤ ሲገጥም እናንተንም ይጠብቃችኋል። ሌሎቹን አጥንቶች ያነሱትም የቆየ ስብራት እንዳለ ለማየት ብቻ አይደለም። በትንሽ ነገር የሚሰበር አጥንት ይዘው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንታቸው የለሰለሰም አሉ። እነሱን የምናገኘው በዚያው ምርመራ ነው።

በ2 ዓመት የሚራመድ ልጅ ተደናቅፎ መሰበሩ ሊሆን የሚችልና የታወቀ ነገር ነው። ጥያቄውን ክስ አድርገሽ አትያዢው።

የልጅ_እናት

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ያኔ እንዲህ ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሯጯ

እኔ በሁለቱም ጉብታ ውስጥ የለሁም። ሴት ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው፣ ረጅም ርቀት እሮጣለሁ። ብሽሽቴን ለሳምንታት ያመኛል፤ ስሮጥ ይብሳል፣ ስቀመጥ ይለቀኛል። ጡንቻ ነው ብለውኝ እየታሸሁ ነው። የወር አበባዬም ከቆመ ወራት ሆኖታል፤ ይህ ለሯጭ የተለመደ ነው ይሉኛል። ከዚህ ርዕስ ጋር ይያያዛል?

የአጥንት_ሐኪም

ይያያዛል። ዛሬ ሩጫውን አቁሚ። እባክሽን ነገ አትበይ።

የነገርሽን ነገር በሙሉ የጭን አጥንት አንገት የድካም ስብራት ሊሆን ይችላል። ይህ በአንድ ትልቅ ምት የሚመጣ አይደለም፤ ልክ የሆነ ኃይል ሺህ ጊዜ ሲደጋገምና አጥንቱ የሚጠግንበት ጊዜ ሲያጣ የሚመጣ ነው። ሯጮችና አዲስ ወታደራዊ ምልምሎች ላይ ይታያል፤ በሁለቱም ሴቶች የበለጠ ይጋለጣሉ። የመጀመሪያው ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ጠይቂ። ስንጥቁ በአንገቱ የታችኛው ጎን ከሆነ፣ ትንሽም ከሆነ፣ በዕረፍትና በክራንች ይድናል። በላይኛው ጎን ከሆነ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ስለሚከፍተው ሊለያይ ይችላል፤ ሳይለያይ በፊት በብሎን መያዝ አለበት። በአንቺ ዕድሜ አንገቱ ከተለያየ ለአጥንቱ ኳስ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ይጎዳሉ፤ ኳሱ ሊሞት ይችላል። የ80 ዓመት እናት ላይ መገጣጠሚያውን ቀይረን በማግስቱ እናስነሳቸዋለን፤ የ24 ዓመት ልጅ ላይ ግን የራሷን አጥንት ለማዳን ነው የምንሯሯጠው።

የሆርሞን_ሐኪም

ስለ ወር አበባው እኔ ልናገር። «ለሯጭ የተለመደ ነው» የሚለውን አትቀበዪ። የምትበዪው ከምታቃጥዪው ሲያንስ ሰውነት መጀመሪያ የሚዘጋው የመውለጃ ሆርሞኖችን ነው። ኤስትሮጅን ይወርዳል። ቅድም ስለ ማረጥ የተናገርኩት ነገር በ24 ዓመትሽ እየደረሰብሽ ነው ማለት ነው፤ ያውም አጥንትሽ ገና መከማቸት በሚገባው ዕድሜ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የኃይል እጥረት በስፖርተኞች ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ሰፋ አድርጎ ሲያወጣ ወንዶችንም ጨምሯል። ከአጥንቱ ምርመራ ጎን ለጎን ይህንም የሚያይልሽ ሐኪም ያስፈልግሻል። ምግብሽን መጨመር የሕክምናው ዋና ክፍል ነው።

ሯጯ

ቆሚያለሁ። ለኤምአርአይ ቀጠሮ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።

የእናቴ_ልጅ

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። የአጥንት መሳሳት አለባቸው ተብሎ በየሳምንቱ የሚዋጥ አሌንድሮኔት ከጀመሩ 9 ዓመት ሆኗቸዋል። አልወደቁም። ግን ከአንድ ወር ወዲህ ቀኝ ጭናቸውን መሃል ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ሲራመዱ ያማቸዋል። እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር። እዚህ ያለውን ሳነብ ፈራሁ።

ራጅ_ክፍል

ሐኪሞቹ እስኪመልሱ ልንገርሽ። የሁለቱም ጭን ራጅ ይነሳ፤ ከዳሌ እስከ ጉልበት ሙሉውን አጥንት። የዳሌ ብቻ ራጅ ካነሱ ይህ ነገር ከፊልሙ በታች ይቀራል።

የአጥንት_ሐኪም

ራጅ ክፍል ትክክል ነው፤ በዚህ ሳምንት ይታዩ። እስኪታዩ ድረስ በዚያ እግራቸው ሙሉ ክብደት ባይጥሉ ይሻላል።

ይህ ከተለመደው ሥርጭት ውጪ የሆነ ስብራት ሊሆን የሚችል ነው። እሳቸው በዕድሜያቸውና በጾታቸው የሁለተኛው ጉብታ ሰው ናቸው፤ ሕመሙ ያለበት ቦታ ግን የወጣቶቹ ቦታ ነው፤ ደግሞ ምንም ኃይል አላረፈባቸውም። ከመሳሳት መድኃኒቶች መካከል እንደ አሌንድሮኔት ያሉት አጥንት የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ያስቆማሉ። ለረጅም ዓመታት ሲወሰዱ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ጥቃቅን ስንጥቆችን የመጠገኑ ሥራም ይዘገያል። ያኔ ከውጭ በኩል ባለው ወፍራም ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ቀጥ ብሎ አግድም ይሄዳል፤ አንድ ቀን በቆሙበት ይሰበራል። ብዙዎቹ ከመሰበሩ በፊት ለሳምንታት ወይም ለወራት ጭናቸውን ወይም ብሽሽታቸውን ያማቸዋል። ብዙ ጊዜም በሌላው እግር ተመሳሳይ ስንጥቅ ይገኛል። ስንጥቁ በጊዜ ከተገኘ ሳይሰበር ዘንግ አስገብቶ መያዝ ይቻላል።

እውነቱ_ይነገር

እንዲህ ከሆነማ ያ መድኃኒት ለምን ይሰጣል? ለአጥንት የተሰጠ መድኃኒት አጥንት ከሰበረ ሰው ሁሉ ቢያቆመው አይሻልም?

የሆርሞን_ሐኪም

እባካችሁ ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ። በመጀመሪያዎቹ 3 እና 5 ዓመታት መድኃኒቱ የሚከላከላቸው ስብራቶች ከሚያመጣው ጋር አይወዳደሩም፤ እጅግ ይበልጣሉ። ይህ ልዩ ስብራት በጣም ጥቂት ነው፤ ዕድሉ የሚጨምረው ዓመታቱ ሲረዝሙ ነው። ስለዚህ የሚዋጠው መድኃኒት ከተወሰደ ከ5 ዓመት በኋላ ሐኪም እንደገና ማየት አለበት፤ አደጋቸው ዝቅ ያለ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ ያርፋሉ፣ ከፍ ያለ ከሆነ ይቀጥላሉ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ይዛወራሉ። ሲያቆሙትም የዚህ ልዩ ስብራት አደጋ ቶሎ ይወርዳል።

የእናቴ ልጅ፣ ለአንቺ ግን ሌላ ነው። እናትሽ ጭናቸውን እያመማቸው ስለሆነ ራጁ እስኪታይ ድረስ መድኃኒቱን ለጊዜው ስለ ማቆም ዛሬውኑ ሐኪማቸውን ጠይቂ። 9 ዓመት ሙሉ ማንም ቁጭ ብሎ «ይቀጥል ወይስ ይረፍ?» ብሎ አለመጠየቁ ያሳዝነኛል። እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ተረኛዋ

ይህን ክር ስከፍት ሁለት ጉብታ ብቻ ነበር የታየኝ። አሁን ከጉብታዎቹ መሃል ያሉት ሰዎች ናቸው የሚያሳስቡኝ። ሯጯም፣ አሌንድሮኔት የሚወስዱት እናትም፣ መራመድ ያልጀመረውም ሕፃን፣ ሁሉም ላይ ስብራቱና ኃይሉ አይመጣጠኑም። ሌላ እንዲህ ያለ አለ?

የአጥንት_ሐኪም

አለ። ወፈር ያለ የ12 እና 13 ዓመት ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ብሽሽቱን ወይም ጉልበቱን እያመመው እያነከሰ ሲመጣ። ጉልበቱ ራጅ ተነሥቶ «ደህና ነህ» ይባላል። ችግሩ ግን ዳሌው ላይ ነው፤ የጭኑ ኳስ በሚያድግበት መስመር ላይ እየተንሸራተተ ነው። የጉልበት ሕመም ያለበት ልጅ ሁሉ ዳሌው ይታይ።

ሁለተኛው፣ በ40ዎቹና በ50ዎቹ ያለ ሰው ምንም ሳይወድቅ የጭን አጥንቱ ሲሰበር። ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር ወይም የመቅኔ ካንሰር መሆኑ ሳይጣራ ብረት አይገባም።

ሦስተኛው፣ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው አረጋውያን። ከተተከለው ብረት ጫፍ ሥር የሚሰበሩት እየበዙ ነው፤ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው ሰዎች ስለበዙና ዕድሜያቸውም ስለረዘመ።

ልጁ_ነኝ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አባቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ ከወራት በፊት ቤት ውስጥ ወድቀው ላይኛው የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ብረት ገባላቸው። ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ነው የተደረገው፤ ቶሎ አስነሷቸው፤ በዚህ አመሰግናለሁ። ግን ስለ አጥንት መሳሳት አንድ ቃል የተናገረን የለም። የሆርሞን ሐኪሙ «አራተኛው ወንድ» ያሉት አባቴ መሰሉኝ። ምን ላድርግ?

የሆርሞን_ሐኪም

ልጄ፣ አባትህ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ቀሪው ግማሽ ነው ያልተሠራው።

ከቆሙበት ወድቀው የጭን አጥንታቸው የተሰበረባቸው የ78 ዓመት ሰው የአጥንት መሳሳት እንዳለባቸው ተቆጥሮ ነው ሕክምና የሚጀመረው፤ የጥግግት ምርመራው የሚረዳው ለወደፊቱ መነሻ እንዲሆን ነው። ደማቸው ይመርመር፦ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ የኩላሊት ሥራ፣ የታይሮይድና የፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ የጠዋት ቴስቶስትሮን፣ የመቅኔ ካንሰርን የሚያሳየው የፕሮቲን ምርመራ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘህ ሂድ፤ ስቴሮይድ ካለ፣ የሚያደነዝዝ ካለ ተናገር።

ከዚያ መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ትልቅ ጥናት ላይኛው የጭን አጥንታቸው ለተሰበረ ሰዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አዲስ ስብራትን በ35 በመቶ፣ ሞትንም በ28 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ዲያቸው መሟላት፣ ኩላሊታቸውም መቻሉ መረጋገጥ አለበት። ወራት ስላለፉ ረፍዷል ብለህ አትተወው፤ አልረፈደም። ፊዚዮ የጻፈውንም ሁሉ ለአባትህ አድርግ።

ፊዚዮ

ወንድሜ፣ ከዳሌያቸው በጎን በኩል ያለውን ጡንቻ የሚያጠነክሩትን እንቅስቃሴዎች ባለሙያ ያሳያቸው፤ ዱላቸውን በደህናው እግር በኩል ይያዙ። አሁን በዱላ ነው የሚሄዱት ወይስ በአራት እግር መደገፊያ?

ልጁ_ነኝ

በመደገፊያ። ዱላ ሞክረው ነበር፤ በተሰበረው በኩል ነበር የሚይዙት።

ፊዚዮ

እንግዲያው መደገፊያውን ገና አይተዉ። ያለ እርዳታ ከወንበር ተነሥተው መቆም ሲችሉ ነው ወደ ዱላ የሚዛወሩት፤ ያኔ በሌላው እጅ።